ፈረሱም ሜዳውም ከተሰጠው በኋላ፦ የሀብታም ክለብ አሰልጣኝ በምን ይመዘን?

በሀብታም ክለብ አሰልጣኝ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም። ሲያሸንፍ «በዚያ ገንዘብ ማንም ያሸንፋል» ይባላል። ሲሸነፍ ደግሞ «ያን ሁሉ ገንዘብ ይዞ እንዴት ይሸነፋል?» ይባላል። ልብ ብሎ ላስተዋለው በሁለቱም ፍርድ ውስጥ የአሰልጣኙ ሥራ የለም። ሲያሸንፍ ያሸነፈው ገንዘቡ ነው፤ ሲሸነፍ ግን የተሸነፈው እሱ ራሱ ነው። ቅዳሜና እሁድ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች የሚደመጠው ክርክር ይኸው ነው። በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ ትንሽ ለስለስ ብሎ የሚጻፈውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚባለው ሰበብ ለሚያበዛ ሰው ነው። ጥያቄው ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ፈረሱም ሜዳውም ከተሰጠው በኋላ ጋላቢው በምን ይለካል? ፈረሱ ከሌሎቹ ሁሉ ፈጣን መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ፣ አንደኛ መውጣቱ ስለ ጋላቢው ምን ይናገራል?

ይህ ጥያቄ እንደ ፓሪሱ ፒኤስጂ ቁልጭ ብሎ የታየበት ክለብ የለም። የኳታር የስፖርት ኢንቨስትመንት ድርጅት ክለቡን የገዛው በ2011 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ዓመት እስከ 2025 ድረስ ስምንት አሰልጣኞች ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፦ አንትዋን ኮምቧሬ፣ ካርሎ አንቸሎቲ፣ ሎረን ብላን፣ ኡናይ ኤምሬ፣ ቶማስ ቱኸል፣ ማውሪሲዮ ፖቸቲኖ፣ ክሪስቶፍ ጋልቲዬ እና ሉዊስ ኤንሪኬ። ባለቤቱ አንድ፣ ፕሬዚዳንቱ ናስር አል ኬላይፊ አንድ፣ ሊጉም አንድ ነው፤ የሚቀያየረው አሰልጣኙ ብቻ ነው። አንድ ሰው አሰልጣኝን ለመለካት ቤተ ሙከራ ልሥራ ቢል ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

የእግር ኳስን ኢኮኖሚ የሚያጠኑ ሰዎች፣ በተለይ ስቴፋን ሺማንስኪ እና ሳይመን ኩፐር፣ ደጋግመው ያሳዩት ነገር አለ። በረጅም ጊዜ ሲታይ የአንድ ክለብ የሊግ ደረጃ ከሚከፍለው ደመወዝ ጋር አብሮ ይሄዳል። ብዙ የሚከፍል ከላይ፣ ጥቂት የሚከፍል ከታች ይቀመጣል። እንዲህ ከሆነ የፈረንሳይን ሊግ ማሸነፍ ለፒኤስጂ አሰልጣኝ ገድል አይደለም፤ ሥራው የሚጀምርበት ደረጃ ነው። ችግሩ ሌላው የመለኪያ ጫፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ መሆኑ ነው። ቻምፒየንስ ሊግ የጥሎ ማለፍ ውድድር ነው። አንድ የግብ ብረት፣ አንድ ቀይ ካርድ፣ አንድ የቫር ውሳኔ የዓመት ሥራ ይደመስሳል። ፓሪስ ለአሥር ዓመት ያህል አሰልጣኞቿን የለካችው በእነዚህ ሁለት ሚዛኖች ነው። አንዱ ሁልጊዜ «አልፏል» የሚል፣ ሌላው እንደ ዕጣ የሚወጣ።

የመጀመሪያው ሰለባ ኮምቧሬ ነበር። በ2011 ታኅሣሥ ላይ ሊጉ ለእረፍት ሲቋረጥ ቡድኑ አንደኛ ነበር። አንደኛ እንደሆነ ተሰናበተ። ስም ያለው ሰው ተፈልጎ አንቸሎቲ መጣ። በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫውን የወሰደው ግን በ82 ነጥብ ሞንፔሊዬ ነው፤ ፒኤስጂ በ79 ሁለተኛ ወጣ። እዚህ ላይ «አንቸሎቲ አላወቀበትም» የሚል ካለ፣ ሰውዬው በሚቀጥለው ዓመት ለክለቡ ከ1994 በኋላ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ እንዳመጣ፣ ወደ ማድሪድ ሄዶም ወዲያው በ2014 የሪያልን አሥረኛ የአውሮፓ ዋንጫ እንዳነሳ ያስታውስ።

ብላን ደግሞ በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ሦስት ዓመት አሰልጥኖ ሦስቱንም ዓመት ሊጉን ወሰደ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በፈረንሳይ ምድር ያለውን አራቱንም ዋንጫ ጠራርጎ በላ። በ2015/16 ቡድኑ 96 ነጥብ ሲሰበስብ ሁለተኛው ሊዮን 65 ላይ ነበር። ሠላሳ አንድ ነጥብ! ዋንጫው በማርች ወር ተረጋግጦ አበቃ። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ውሉን አድሶ ነበር፤ በክረምቱ ግን ተሰናበተ። ምክንያቱ በቻምፒየንስ ሊግ ሦስት ጊዜ ሩብ ፍጻሜ ላይ መቆሙ፣ በተለይም የመጨረሻው በማንችስተር ሲቲ መሆኑ ነው። ብላን ተበድሏል የሚሉ አሉ። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አልተበደለም። ያ ቡድን ኢብራሂሞቪች፣ ቬራቲ፣ ቲያጎ ሲልቫና ካቫኒ ነበሩት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ግን በብላን እጅ ወደ ሌላ ደረጃ የተሸጋገረ ተጫዋች ማነው ቢባል መልሱ ቶሎ አይመጣም። የተሰጠውን ጠብቆ የሚያስረክብ ጥሩ ባለአደራ ነበር። ባለአደራነት ነውር አይደለም። ነገር ግን ከአራቱ ዋንጫዎች ስንቱ የእሱ፣ ስንቱ የደመወዝ ወረቀቱ እንደነበር ዋንጫዎቹ ራሳቸው አይናገሩም።

ከዚያ የማርች ሌሊቶች መጡ። ማርች 8 ቀን 2017፣ ባርሴሎና 6 ለ 1። በፓሪስ 4 ለ 0 ተሸንፎ የመጣው ባርሴሎና ከ88ኛው ደቂቃ በኋላ ሦስት ጎል አግብቶ አለፈ። ማርች 6 ቀን 2019፣ በኦልድ ትራፎርድ 2 ለ 0 ተሸንፎ የነበረው ማንችስተር ዩናይትድ በመልሱ ጨዋታ 3 ለ 1 አሸነፈ፤ የመጨረሻዋ ጎል በቫር የተሰጠች ፍጹም ቅጣት ምት ናት። ማርች 9 ቀን 2022፣ ማድሪድ ላይ ቤንዜማ በአንድ አጋማሽ ሦስት ጎል አገባ። ሦስት ዓመት፣ ሦስት አሰልጣኝ፣ አንድ ዓይነት ሌሊት። ክለቡ በእያንዳንዱ ሌሊት ማግሥት «አሰልጣኙ» አለ። በሰባት ቀን ልዩነት ውስጥ በሚወድቁ ሦስት ቀኖች፣ በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ አንድ ዓይነት አወዳደቅ ከታየ ግን ጥፋቱን በጋላቢው ላይ ብቻ መለጠፍ አስቸጋሪ ነው።

ኤምሬን እንውሰድ። ወደ ፓሪስ የመጣው ከሴቪያ ጋር ዩሮፓ ሊግን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወስዶ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 87 ነጥብ ሰበሰበ፤ በብዙ ዓመታት ዋንጫ የሚያስወስድ ነጥብ ነው፤ ያን ዓመት ግን የምባፔው ሞናኮ 95 አመጣ። በክረምቱ ክለቡ ኔይማርን በ222 ሚሊዮን ዩሮ ገዛለት፤ ምባፔንም በ180 ሚሊዮን ስምምነት አመጣለት። «ገዛለት» የሚለው ቃል ግን ትክክል አይመስልም። የተገዙት ለአሰልጣኙ ሳይሆን ለክለቡ ስም፣ ለማሊያውና ለባለቤቱ ክብር ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ከሊዮን ጋር በተደረገው ጨዋታ ኔይማርና ካቫኒ ፍጹም ቅጣት ምት ማን ይምታ በሚል በዓለም ፊት ሲነታረኩ፣ ዳር ላይ የቆመው ሰው ምን ያህል ሥልጣን እንደነበረው በግልጽ ታየ። ኤምሬ ከለቀቀ በኋላም አልደበቀውም፤ በማንችስተር ሲቲ መሪው ጓርዲዮላ ነው፣ በፒኤስጂ ግን መሪው ኔይማር ነው በማለት ተናግሯል።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች አነጋገር ውስጥ ነው። የሀብታም ክለብ አሰልጣኝን ሥራ ለመመዘን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ቡድኑ በእርግጥ የእሱ ነበር ወይ የሚለው ነው። ውዱን ተጫዋች ተቀያሪ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይችል ነበር? አልፈልግም ያለው ተጫዋች ሳይገዛ ይቀር ነበር? ቢሸነፍ በሚቀጥለው ሰኞ ልምምድ ላይ ቃሉ ይሰማ ነበር? እነዚህ መልስ ካላገኙ የዋንጫው ቁጥር ባዶ ነው፤ የሽንፈቱም እንዲሁ። ቱኸልም በፓሪስ መጨረሻው አካባቢ ለጀርመን ቴሌቪዥን ሲናገር አንዳንዴ አሰልጣኝ ሳይሆን የስፖርት ፖለቲከኛ የሆነ ያህል እንደሚሰማው ገልጾ ነበር። ክለቡን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ያበቃው እሱ ነው። በ2020 ሊዝበን ላይ በባየርን 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ጎሏን ያገባውም ፓሪስ ተወልዶ በፒኤስጂ አካዳሚ ያደገው ኪንግስሊ ኮማን ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ተባረረ። ከአምስት ወር በኋላ በሜይ 29 ቀን 2021 ከቼልሲ ጋር ያንኑ ዋንጫ አነሳ። ሰውየው በአምስት ወር ውስጥ አዲስ ነገር አልተማረም። የተለወጠው የቆመበት ቤት ነው።

የጋልቲዬ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ትምህርት ሰጪ ነው፤ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ግን ጥቂት ነው። በ2020/21 ጋልቲዬ የሊል አሰልጣኝ ሳለ ከፒኤስጂ በማይነጻጸር ገንዘብ ሊጉን በ83 ነጥብ ወሰደ፤ ፒኤስጂ በአንድ ነጥብ ተበለጠ። ክለቡ ከአንድ ዓመት በኋላ ይህንኑ ሰው ቀጠረ። ሜሲ፣ ኔይማርና ምባፔ በአንድ ላይ ተሰጡት። በዓመቱ መጨረሻ 85 ነጥብ ይዞ በአንድ ነጥብ ልዩነት ዋንጫውን ከላንስ ነጠቀ። ሰማንያ ሦስት ያለ ኮከብ፣ ሰማንያ አምስት ከሦስቱ የዓለም ውድ ኮከቦች ጋር! በመሀል የዓለም ዋንጫ እንደነበረ፣ የተጫዋቾቹ ዕድሜና ጉዳትም እንደነበረ ይታወቃል። ያም ሆኖ የሁለት ነጥብ ልዩነት ዋጋው ስንት እንደሆነ ሒሳብ የሚወድ ሰው ያስላው። መዝገብ ላይ የሚነበበው ግን «ጋልቲዬ፣ ፒኤስጂ፣ ሻምፒዮን» የሚል ነው። ከሁለቱ ዋንጫዎች የትኛው የአሰልጣኝ ሥራ እንደሆነ መዝገቡን ብቻ የሚያይ ሰው አያውቅም።

እዚህ ላይ ሌላውን ሀብታም ክለብ ለአንድ አፍታ ማየት ይጠቅማል። ጓርዲዮላ በማንችስተር ሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱን በ2016/17 ያለ አንድም ዋንጫ ነው የጨረሰው፤ በሊጉም ሦስተኛ ወጣ። በፓሪስ ሚዛን ቢሆን ሻንጣውን ያዘጋጅ ነበር። ሲቲ ግን ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ከባርሴሎና የሚያውቁትን ፌራን ሶሪያኖንና ቺኪ ቤጊሪስታይንን አምጥቶ ቤቱን በልኩ ሠርቶለት ነበር። በክረምቱ የጎደሉትን የመስመር ተከላካዮች ገዛለት፤ በሚቀጥለው ዓመት 100 ነጥብ መጣ። በ2024 መኸር ቡድኑ ተከታታይ ሽንፈት ላይ ሳለ፣ ሮድሪም በጉዳት ወጥቶ ሳለ፣ ክለቡ የአሰልጣኙን ውል አራዘመ። (ሲቲ ላይ በ2023 በፕሪሚየር ሊጉ የቀረበው ከመቶ በላይ ክስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ክለቡ ክሱን ይክዳል። ገንዘቡ እንዴት መጣ የሚለው የክለቡ ጥያቄ ነው፣ በመጣው ገንዘብ ምን ተሠራበት የሚለው የአሰልጣኙ። ሁለቱን መደባለቅ የክርክሩ ትልቁ በሽታ ነው። የኳታርም ገንዘብ እንዲሁ ከስፖርት በላይ የሆነ ዓላማ እንዳለው የማይጠረጥር የለም፤ ብላንም ሆነ ኤምሬ ግን ያን ዓላማ አልጻፉትም።)

ወደ ፓሪስ እንመለስ። ሉዊስ ኤንሪኬ በ2023 ክረምት ሲመጣ ብዙ ሰው አላጨበጨበም። የስፔን ብሔራዊ ቡድኑ በኳታር የዓለም ዋንጫ በሞሮኮ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፎ ከወጣ ገና ወራት ነበር። ያችን የመጨረሻ ምት የመታው አሽራፍ ሃኪሚ ደግሞ አሁን የእሱ ተጫዋች ሊሆን ነው። በ2017 በ6 ለ 1ዋ ሌሊት በባርሴሎና ወንበር ላይ የነበረውም እሱ ነው። በ2015 ሦስት ዋንጫ በአንድ ዓመት ሲወስድም «ሜሲ፣ ሱዋሬዝና ኔይማር ያሉት ማን ይሸነፋል?» ተብሎለታል። ያው የታወቀው ፍርድ ነው።

በዚያው ክረምት ሜሲ ወደ ማያሚ፣ ኔይማር ወደ ሳዑዲው አል ሂላል፣ ቬራቲ ወደ ኳታር ሄዱ። በዓመቱ መጨረሻ ምባፔም ያለ ዝውውር ገንዘብ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ፤ በመጨረሻ ዓመቱ ለፒኤስጂ በሁሉም ውድድር 44 ጎል አግብቶ ነበር። አሰልጣኙን የተከታተለ አንድ የስፔን ዘጋቢ ፊልም ላይ የሚታይ ነገር አለ። ሉዊስ ኤንሪኬ ምባፔን አስቀምጦ ስለ ማይክል ጆርዳን ይነግረዋል። ዋናው ነገር ታላቁ ጆርዳን ራሱ ቀድሞ ይከላከል ነበር፣ መሪ መሆን የምትፈልግ ከሆነ አንተም ቀድመህ ሩጥ የሚል ነው። በኤምሬ ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር በዚያ ክለብ ውስጥ ከዋናው ኮከብ ጋር ይደረግ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ከምባፔ በኋላ ቡድኑ ጎል ከየት ያመጣል ተባለ። በሊጉ በ2023/24 ያስቆጠረው 81 ነበር፤ ምባፔ በሌለበት በ2024/25 ወደ 92 ከፍ አለ። ነጥቡም ከ76 ወደ 84። በአንድ ክለብ፣ በአንድ ሊግ፣ በአንድ አሰልጣኝ እጅ፣ ትልቁ ጎል አግቢ ወጥቶ ጎሉ ጨመረ። ገንዘብ ይህን አያስረዳም።

ያም ሆኖ መንገዱ ቀና አልነበረም፤ ፍርዱን የሚያስተምረውም ይኸው ነው። በ2024 ጥቅምት ወር መጀመሪያ ከአርሰናል ጋር ለሚደረገው ጨዋታ ሉዊስ ኤንሪኬ ኡስማን ዴምቤሌን በዲሲፕሊን ምክንያት ሳይወስደው ወደ ለንደን ሄደ። 2 ለ 0 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ወር በፓሪስ በአትሌቲኮ፣ ከዚያ በሙኒክ በባየርን ተሸነፈ፤ በባየርኑ ጨዋታ ደግሞ ዴምቤሌ በቀይ ካርድ ወጣ። በአዲሱ የሊግ ቅርጽ አምስት ጨዋታ፣ አራት ነጥብ፣ ሦስት ጎል። ቡድኑ ከሚያልፉት ሃያ አራቱ ውጪ ነበር። በዚያች የኖቬምበር ማታ ላይ ቆሞ ይህን አሰልጣኝ በውጤት ብቻ የሚፈርድ ሰው መልሱ አንድ ነው። ብላንም፣ ቱኸልም ከዚህ በተሻለ ውጤት ተሰናብተዋል።

ክለቡ አላባረረውም። በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ውሉን እስከ 2027 አራዘመለት። ልዩነቱን የፈጠረውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አል ኬላይፊና የስፖርት አማካሪው ሉዊስ ካምፖስ ኮከብ መሰብሰብ ማቆማቸውን በግልጽ አውጀው ነበር፤ ያን ካወጁ በኋላ አሰልጣኙን ኮከብ ስለቀጣ ሊቀጡት አይችሉም። ስለዚህ ከሉዊስ ኤንሪኬ ምስጋና የተወሰነው ለአለቆቹ ይቆረጣል። እነሱም አሥር ዓመት ሙሉ ሲያበላሹ የኖሩትን በማስተካከላቸው ምን ያህል ሊመሰገኑ ይገባል የሚለው ለየብቻው ይታይ።

ዴምቤሌ ምን ሆነ? በፓሪስ የመጀመሪያ ዓመቱ በሁሉም ውድድር ያገባው 6 ጎል ነበር። በዲሴምበር 2024 አሰልጣኙ ከመስመር ወደ መሀል አመጣው። ዓመቱን በ35 ጎል ጨረሰ፤ በሴፕቴምበር 2025 ባሎን ዶርን አነሳ። ይህ ባርሴሎና በ2017 ከመቶ ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥቶ ገዝቶት፣ ለስድስት ዓመት በጉዳትና በትችት ያሳለፈ ተጫዋች ነው። ፒኤስጂ በ50 ሚሊዮን ገደማ ነው የገዛው። ገንዘቡ ባርሴሎና በነበረ ጊዜ የበለጠ ነበር፤ ተጫዋቹ ግን እዚያ ይህን አልሆነም።

የቪቲንያ ጉዳይ ከዚህም ይበልጣል፤ ምክንያቱም እሱ የተገዛው ከሉዊስ ኤንሪኬ በፊት፣ በ2022 ከፖርቶ ነው። በጋልቲዬ ዓመት ከኮከቦቹ ኋላ እየሮጠ ኳስ የሚያቀብል፣ ብዙ ሰው ስሙን የማያነሳው አማካይ ነበር። እግሩ አልተቀየረም፣ ደመወዝ የሚከፍለው ክለብ አልተቀየረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጨዋታውን ሁሉ የሚዘውረው እሱ ሆነ፤ በባሎን ዶርም ሦስተኛ ወጣ። የሀብታም ክለብ አሰልጣኝ ሥራ ከየትም ይልቅ በግልጽ የሚነበበው እዚህ ነው፦ እሱ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ተጫዋች በእጁ ምን ሆነ? ዋንጫ በገንዘብ ይጠጋል። ተጫዋችም በገንዘብ ይገዛል። የተገዛው ተጫዋች ከዋጋው በላይ እንዲሆን ማድረግ ግን በገበያ ላይ አይገኝም። በዚህ መስፈርት ብላን ትንሽ፣ ፖቸቲኖና ጋልቲዬም ትንሽ፣ ሉዊስ ኤንሪኬ ብዙ ያስመዘግባል። ሌላው ቢቀር መስፈርቱ በማርች ሌሊት አይለወጥም።

ሽንፈት ውስጥም ሥራ ይታያል። በ2025 ማርች (እንደገና ማርች!) ሊቨርፑል ፓሪስ መጣ። የእንግሊዝን ሊግ በሰፊ ልዩነት ይመራ የነበረ ቡድን ነው። ፒኤስጂ 27 ጊዜ ሞከረ፣ ሊቨርፑል 2 ጊዜ። ግብ ጠባቂው አሊሰን ሁሉንም መለሰ፤ ተቀይሮ የገባው ሃርቪ ኤሊየት በ87ኛው ደቂቃ አገባ። 1 ለ 0 ተሸነፈ። ያን ምሽት ጨዋታውን ያላየ፣ ውጤቱን ብቻ የሰማ ሰው «ፓሪስ በማርች፣ ያው ነው» ብሎ ተኝቷል። ያየው ሰው ግን ከአውሮፓ ሁሉ የተሻለ ቡድን እንዳየ ያውቅ ነበር። በሳምንቱ አንፊልድ ላይ ዴምቤሌ አገባ፤ በፍጹም ቅጣት ምትም ዶናሩማ ሁለት አዳነና አለፉ። የሩብ ፍጻሜው ተጋጣሚ የኤምሬ አስቶን ቪላ ሆነ፤ ያ በፓሪስ «አልሆነለትም» የተባለው ሰው በበርሚንግሃም ከጎኑ ኔይማር ሳይኖር ፒኤስጂን 3 ለ 2 አሸንፎ፣ በደርሶ መልስ በአንድ ጎል ልዩነት ብቻ ተሸንፎ ወጣ። እሱም ሥራውን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አርሰናል፣ ከዚያ በሜይ 31 ሙኒክ ላይ ኢንተር 5 ለ 0። የ19 ዓመቱ ዴዚሬ ዱዌ ሁለት አገባ፤ የመጀመሪያዋን ያገባው ሃኪሚ ነው። በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ እንዲህ ያለ ልዩነት ታይቶ አያውቅም።

የገንዘቡ ወገን እዚህ ላይ ዝም አይልም፤ ዝም ማለትም የለበትም። ክቫራስኬሊያ በ70 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ ዣው ኔቬስ በ60 ገደማ፣ ዱዌ ራሱ በ50 ገደማ ነው የመጡት። «ወጣቶችን የሚያሳድግ ክለብ» የሚለው ዜማ ሲሰማ ይህ ዋጋ መረሳት የለበትም፤ ድሃ ክለብ የ50 ሚሊዮን ዩሮ ልጅ አይገዛም። ኢንተር ደግሞ በዚያች ማታ ያሰለፋቸው ቱራም፣ ምኪታርያንና ቻልሃኖግሉ ሦስቱም ያለ ዝውውር ክፍያ የመጡ ነበሩ። ስለዚህ 5 ለ 0 ራሱ የሉዊስ ኤንሪኬ ትልቁ ማስረጃ አይደለም። ሊቨርፑል ላይ የታየው 27 ሙከራ ይበልጣል፣ ቪቲንያ ይበልጣል፣ የኦክቶበሩ የዴምቤሌ ቅጣትም ይበልጣል። ከስድስት ሳምንት በኋላ በአሜሪካ በተደረገው የክለቦች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ይኸው ቡድን በቼልሲ 3 ለ 0 ተሸንፏል። በሙኒክ አምላክ ያደረጉት ሰዎች በኒው ጀርሲ ምን ሊሉት ነው?

በኦገስት 2025 አዲሱ የውድድር ዓመት ሊጀመር ሲል ሉዊስ ኤንሪኬ ጂያንሉዊጂ ዶናሩማን፣ የአንፊልዱን ጀግና፣ ከቶተንሃም ጋር ለሚደረገው የሱፐር ካፕ ጨዋታ ከቡድኑ ስም ዝርዝር አወጣው። በእግሩ የተለየ ግብ ጠባቂ እንደሚፈልግ ተናገረ። ዶናሩማ ብዙም ሳይቆይ ወደ ማንችስተር ሲቲ ሄደ። ከሊል የመጣው ሉካ ሼቫሊዬ በመጀመሪያ ጨዋታው በአንዷ ጎል ላይ ተሳሳተ፤ ቡድኑ ከ2 ለ 0 ተነሥቶ አቻ ከወጣ በኋላ ግን ከፍጹም ቅጣት ምቶቹ አንዱን አዳነና ዋንጫው ወደ ፓሪስ ሄደ። ውሳኔው ትክክል ይሁን ስህተት ያ ምሽት አይመሰክርም፤ የግብ ጠባቂ ጉዳይ ዓመታት ይፈልጋል። ግን ማን ወሰነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መቶ በመቶ የእሱ ውሳኔ እንደሆነ አሰልጣኙ አስቀድሞ ተናግሯል፤ ከክለቡም ማንም ወጥቶ አላስተባበለም።